እኔ ሜዳ ላይ ሳለሁ

ጥር 19

ጠዋት ልምምድ። የቅርጫት ኳስ አዳራሹ ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። ግራ ጥግ ላይ ያቺ ሰማያዊ ባልዲ እንደተቀመጠች ናት፤ ወደዚያ የሚሮጥ ሁሉ ዘሏት ነው የሚያልፈው። ክለቡ ባልዲ መግዣ አለው፣ ጣሪያ መድፈኛ የለውም። ሻወሩ ቀዝቃዛ። ጉልበቴ ደህና... ትንሽ ይንቋቋል እንጂ ደህና ነው።

ቅዳሜ አሸንፈናል። ሃያ አንድ ነጥብ አገባሁ። በሠላሳ አራት ዓመቱ ሃያ አንድ የሚያገባ ሌላ ካለ ያምጡልኝ።

ልብሴን ቀይሬ ስወጣ የመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሁላችንም ስም፣ ከጎኑ ቁጥር። አዲስ የተቀጠረው የባለ ላፕቶፑ ሥራ መሆኑ ነው። የኔ... ማይነስ አስራ አራት። መጀመሪያ የሻወሩን ውሃ ቅዝቃዜ የለካልን መሰለኝ። ቀጥሎ ገባኝ። ሃያ አንድ አግብቼ፣ ቡድኑ አሸንፎ፣ ማይነስ አስራ አራት! ልጆቹ ከኋላዬ ቆመው ያነቡ ነበር። አንዱ ሳል ሳል አለው። ሳል ይሁን ሳቅ እንጃ።

ጥር 20

ጽሕፈት ቤት ወጣሁ። ባለ ላፕቶፑ ከመጋዘኑ ጎን ያለችውን ክፍል ይዟል፤ ድሮ የተበሳ ኳስ የሚጣልባት ነበረች፤ አሁንም ጎማ ጎማ ትሸታለች። ስገባ በቴርሞሱ ክዳን ሻይ ይስባል። አሳሳቡ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት።

«ፕላስ ማይነስ ነው ወንድሜ።»

«ወንድምህ አይደለሁም።»

ቀላል ነው አለኝ። እኔ ሜዳ ላይ ባለሁበት ሰዓት ቡድናችን ያገባው ይደመራል፤ ከዚያ ላይ እነሱ ያገቡት ይቀነሳል። ከተረፈ ፕላስ፣ ከጎደለ ማይነስ። በቃ።

«ያገባሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«ማን እንዳገባ አያይም።»

«በማን በኩል እንደገባብንስ?»

«እሱንም አያይም።»

«ታዲያ ዕውር ነው በለኛ።»

«አንተ ስትኖርና ሳትኖር ያለውን ልዩነት ነው የሚያየው» አለና ሻዩን ሳበ።

ዕውር ዳኛ ስንት አይተናል፤ ዕውር ሂሳብ ግን የዘንድሮ ነው። ኳስ አንጥሮ የማያውቅ ሰው፣ ጣቶቹ እንደ ሴት ወይዘሮ ጣት የለሰለሱ፣ እኔን ሊለካኝ! ወረቀቱን ቀድጄ ቅርጫት ውስጥ ጨመርኩት። ሳይነሳ ሌላ አተመ።

ጥር 24

አሸነፍን። እኔ አስራ ስምንት ነጥብ፣ ማይነስ ሰባት። ጉንዳን ሁለት ነጥብ፣ ፕላስ አስራ ሰባት።

ጉንዳን... ስለ እሱ ልጻፍና ይውጣልኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ አጭር። ኳሱን ይዘን የምንወጣው እኔና እሱ ነን። እሱ ከቋሚዎቹ ጋር ይጀምራል፣ እኔ ከተቀያሪዎቹ ጋር እገባለሁ። ከዘንድሮ ጀምሮ! አምናና ካቻምና ቋሚው ማን ነበር? አይወረውርም፤ ቢወረውርም አይገባለትም። ሥራው መሮጥና መለፍለፍ ነው። «ግራህን! ግራህን! ከኋላህ!»... ጆሮ ይበሳል። ደግሞ ጋሼ ይለኛል። ጋሼ! በአንድ መልበሻ ክፍል፣ በአንድ ሳሙና እየታጠብን!

ዛሬ ከእረፍት በፊት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ረጅሙ ልጃችን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከመሀል ሜዳ እንዲያው ወረወራት፣ ገባች። ለጉንዳን ፕላስ ሦስት። ጫማ በማሰር! ባለ ላፕቶፑን ጠየቅኩት።

«አዎ ይቆጠርለታል» አለ ዓይኑን ሳያሽ። «አንድ ጨዋታ ብዙ አይናገርም። በብዙ ጨዋታ ግን ይጠራል።»

እሱ እስኪጠራ እኔ ጡረታ እወጣለሁ።

የካቲት 2

እቴቴ ቤት ምሳ። ታላቄ ናት፤ አሰልጣኛችን ባሏ ነው። ያስተዋወቅኳቸው ደግሞ እኔ፤ እጄን በቆረጠው። ያኔ አብረን እንጫወት ነበር፤ እሱ ኳስ ያቀብለኛል፣ እኔ አገባለሁ። አሁን ቤንች ላይ የሚያስቀምጠኝ እሱ ነው። የሚኖሩት የክለቡ ቤት ውስጥ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ ሳሎናቸው ቁጭ ብለህ ኳስ ሲነጥር ይሰማሃል።

ገበታ ላይ ጀመረው።

«ክለቡ ለከርሞ ኳስ ይዞ የሚወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስቀረው። ከአንተና ከጉንዳን አንዳችሁን።»

«እና?»

«እናማ... እናያለን።»

«ምኑን ነው የምናየው? ያንን በር ላይ የተለጠፈውን?»

ዳቦውን ቆረሰ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ቁጥሩ ሳይመጣም በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንተ ኳስ ስትይዝ አራቱም ቆመው ያዩሃል። ጉንዳን ሲይዝ ይሮጣሉ።»

«የሚያዩኝ ስለምችል ነው!»

«እሱም ልክ ነው» አለ። ይሄ ነው የሚያበግነኝ። ተሰዳደብ ብትለው አይሰዳደብም። «እሱም ልክ ነው» ይልና ይጎርሳል።

እቴቴ ማንኪያዋን አነሳች። «በገበታዬ ላይ ኳስ አታንጥሩብኝ! እዚያው አዳራሻችሁ!»

ሳልጠግብ ተነሳሁ። ይህ ክለብ ከሌለ ማን ይወስደኛል? በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት... ሌላ ሙያ የለኝም። ሌላ ምንም የለኝም።

የካቲት 8

ማይነስ ዘጠኝ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ግን ዛሬ አንድ ነገር ያዝኩ! ቤንች ላይ ቁጭ ብዬ ስንገበገብ ነው ያየሁት። አሰልጣኙ አንድ ልማድ አለው። ከእኛ አንዱ ፋውል ሠርቶ ፊሽካ ሲነፋ ልጆቹ ይበሳጫሉ፣ ከዳኛ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ያኔ ወደ እኔ ይዞራል። «ግባ፣ አረጋጋቸው።» አጥፊው ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ። ተቃራኒው ሁለት የቅጣት ኳስ ይወረውራል። አንድ፣ ሁለት... ገቡ። እኔ ኳስ ሳልነካ፣ ላብ ሳይወጣኝ፣ ማይነስ ሁለት! አጥፊው ቤንች ላይ ውሃውን ይጠጣል፤ ማይነሱ የኔ ነው። ዳዋ የተመታው አይጥ በበላ ነው!

ጥሩ አረጋጊ በመሆኔ ዓመቱን ሙሉ የሰው ፋውል ሲቆጠርብኝ ኖሯል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በደስታ።

የካቲት 10

ባለ ላፕቶፑን ገና በሩ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ነገርኩት። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ የአንድ ጨዋታ ቪዲዮ ከፈተ። የሁለተኛውን። የሦስተኛውን። ሻዩን ረሳው። ጆሮው ቀላ።

«ልክ ነህ።»

«ምን አልክ? አልሰማሁም።»

«ልክ ነህ አልኩ። የቅጣቱ ኳስ ፋውሉ ሲሠራ ሜዳ ላይ ለነበረው ነበር መቆጠር ያለበት። እኔ ሲገባ ለነበረው ነው የቆጠርኩት። ሌላ ቡድን ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ እናንተ ጋ ግን እንዲህ የሚቀያየር...» አንገቱን ነቀነቀ። «ከመጀመሪያው አስተካክዬ እሠራዋለሁ።»

እሰይ! እሰይ እሰይ! ደረጃውን ስወርድ እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን ነው የዘለልኩት። ጉልበቴ እንኳ አልተንቋቋም።

የካቲት 12

ተስተካክሎ መጣ። የዓመቱ ድምሬ ከማይነስ ዘጠና ስድስት ወደ ማይነስ አርባ አንድ።

ማይነስ አርባ አንድ...

ከግማሽ በላይ ውርደቱ የሰው ነበር ማለት ነው። ቀሪው የኔ። ጉንዳን ያው ፕላስ ሰማንያ ምናምን።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩት። «እኔ የምጫወተው ከማን ጋር ነው?»

«ከተቀያሪዎቹ።»

«እሱስ?»

«ከቋሚዎቹ።»

«እና የአምስቱን ሰው ድምር በአንድ ሰው አናት ላይ ትለጥፋላችሁ?»

ራሱን አከከ። ውሸታም እንዳልሆነ ልመስክርለት፤ ልዋሽ እንኳ ቢል አይሆንለትም። «እውነት ነው። የቱ የአንተ፣ የቱ የጓደኞችህ እንደሆነ በዚህ ብቻ መለየት ይከብዳል። ሁለታችሁን ካላቀያየርን በቀር።»

እንዲህ አትልም ኖሯል!

የካቲት 23

እቴቴ ቤት። ገበታው እስኪነሳ ጠበቅኩ፣ ለእሷ ስል። ከዚያ አፈረጥኩት። የቀሩት አራት ጨዋታዎች ናቸው። በአራቱም እኔ ከቋሚዎቹ ጋር ልጀምር፣ ጉንዳን ከተቀያሪዎቹ ጋር ይግባ። የአራቱ ድምሬ ፕላስ ከሆነ ውሌ ይታደስ። ማይነስ ከሆነ ማንም ሳያባርረኝ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ።

አሰልጣኙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከአዳራሹ ኳስ ሲነጥር ይሰማል፤ ጉንዳን ብቻውን ይለማመዳል፤ እሁድ እንኳ አያርፍም፣ ጉንዳን ነዋ።

«ላለመውረድ እየታገልን ነው፤ በዚህ ሰዓት ቡድን መነካካት...»

«ፈራህ?»

እቴቴ ከኩሽና ብቅ አለች። «ስጠው እንግዲህ! ዓመት ሙሉ አኩርፎ ፊቱን ከማይ ሜዳውን ስጠው!»

ሰጠኝ። ከሥራ አስኪያጁ ጋርም ተነጋግሮ አጸደቀልኝ። ደግ መሆኑ ነው? ደግነቱን ለራሱ ያድርገው። የሚገባኝን ነው የሰጠኝ።

የካቲት 29

ፕላስ ስድስት! አሸነፍን! ከቋሚዎቹ ጋር ሲሆን እንዲህ ነው! ባለ ላፕቶፑን በመስኮቱ በኩል በጣቴ ስድስት አሳየሁት። እሱም ጎንበስ አለልኝ።

ጉንዳን ከተቀያሪዎቹ ጋር... ፕላስ አምስት። እነዚያ ከእኔ ጋር ሲሆኑ የሬሳ ሳጥን የተሸከሙ የሚመስሉት ሰዎች ዛሬ እየሳቁ ይሮጣሉ። ምን ነክቷቸው ነው? ምን አብልቷቸው ነው?

ያጋጣሚ ነው። አንድ ጨዋታ ብዙ አይናገርም፤ ራሱ ባለ ላፕቶፑ ብሏል።

መጋቢት 6

ማይነስ አስራ ሁለት። ተሸነፍን።

እስከ አራተኛው ሩብ ደህና ነበርኩ። ፕላስ ሁለት ነበርኩ፤ በልቤ እየቆጠርኩ ነው አሁን የምጫወተው፣ ሌላ አማራጭ አለኝ? ከዚያ ያቺ ጨዋታ የምትገለብጥ ነፋስ መጣች። ተመልካቹ ተነሳ፣ ከእነሱ ያም ወረወረ ገባ፣ ይሄም ወረወረ ገባ። እንደ ጎርፍ ነው፤ ቆመህ ታያለህ። አሰልጣኙ ከቤንች «ትንሽ ታርፋለህ?» ብሎኝ ነበር ቀደም ሲል። እምቢ አልኩ። እሺ ብል ኖሮ ጎርፉ በሌላው አናት ላይ ነበር የሚያልፈው...

ወይ ነዶ።

ጉንዳን ፕላስ አንድ።

መጋቢት 9

ከልምምድ በኋላ ጉንዳን መጣ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ።

«ጋሼ፣ ያቺን በግራ አሳይተህ በቀኝ የምታልፋትን ብታሳየኝ...»

«ኢንተርኔት ላይ አለልህ።»

«ያንተ ትለያለች እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁህ ነው ያደግኩት።»

ከልጅነቴ ጀምሮ! ልሸኝህ ነው የመጣሁት ቢለኝ ይሻላል። ሻንጣዬን ዘግቼ ወጣሁ። በር ላይ ዞሬ ሳይ ብቻውን በግራ እያሳየ በቀኝ ይሞክራል፣ ኳሱ እግሩን እየመታው ይንከባለላል። አሳዝኖኝ ነበር፤ ቶሎ አለፈልኝ።

መጋቢት 13

ፕላስ ሁለት። አሸነፍን። ስድስት፣ ሲቀነስ አስራ ሁለት፣ ሲደመር ሁለት። ማይነስ አራት ላይ ነኝ። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ቢያንስ ፕላስ አምስት ካላመጣሁ አለቀልኝ።

መጋቢት 18

እቴቴ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«ቅዳሜ ከተሸነፋችሁ ትወርዳላችሁ አይደል?»

«አዎ።»

«ከወረዳችሁ ባሌን ያሰናብቱታል። ነግረውታል። ቤቱም የክለቡ ነው...» ትንፋሿ ተሰማኝ። «እሱ እንዳትነግሪው ብሎኛል። እንዳይጨንቀው፣ በነፃነት ይጫወት ብሎ ነው። እኔ ግን እህትህ ነኝ፤ ለማን ልንገር? እባክህ የኔ ወንድም፣ ለኔ ስትል።»

«አይዞሽ እቴቴ» አልኳት። ከልቤ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ከልቤ ነበር ያልኳት።

መጋቢት 20

ወረድን።

መጋቢት 21

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ጥሩ ነበርን። በአራተኛው ሩብ አስራ ሁለት እንመራ ነበር። ጉንዳን ገብቶ በነበረበት ሰዓት ሁለት ተርፎልናል፤ ቀሪው አስሩ በእኔ ነው። ፕላስ አስር! ከማይነስ አራቱ ጋር ሲደመር ፕላስ ስድስት። በልቤ ውሌን ፈርሜያለሁ። ከዚያ ጉንዳን ሊያሳርፈኝ ተቀይሮ በገባባት ቅጽበት አምስተኛ ፋውሉን ሠርቶ ተባረረ። ወዲያው ተመልሼ ገባሁ። አሁን ከኋላዬ ያለው ኳስ ይዞ የሚወጣ ሦስተኛው ልጅ ብቻ ነው፤ ያ ጉልበቱ በፋሻ የተጠቀለለው፣ ከጥር ወዲህ ሜዳ ያልረገጠው። ይህን አውቃለሁ። ሳላውቅ አይደለም። እዚህ ላይ ራሴን አላሞኝም።

የተጋጣሚያችን ያ ረጅም እጁ ወረወረ። ሦስት ነጥብ። አስራ ሁለቱ ዘጠኝ ሆነ፣ የኔ አስር ሰባት ሆነ። ተመልካቹ ብድግ አለ። ያቺ ነፋስ! ያቺው ናት፣ አወቅኳት። ድምሬ አሁን ፕላስ ሦስት ነው። አንድ ሦስት ነጥብ ብትደገም ዜሮ። ሁለት ብትደገም መንገድ ላይ ነኝ።

እጄ ወደ ባቴ ሄደ።

ማንም አልነካኝም። ኳሱም አጠገቤ አልነበረም። የግራ ባቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ዳኛው ነፋ። አሰልጣኙ ራሱ ሮጦ መጣ፣ ተንበረከከ። «ተወው፣ ተወው፣ አትነቃነቅ፣ ይብስብሃል።» ክንዱን በብብቴ ሥር አስገብቶ አነሳኝ። ለአንዲት ሰከንድ የትኛው እግሬ እንደሆነ ጠፋኝ። ሰዉ አጨበጨበልኝ።

በረዶ ይዤ ተቀምጬ አየሁት ሁሉንም። ሦስተኛው ኳሱን እያስነጠቀ፣ ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ወደ ቤንች እያዩ... ወደ እኔ እያዩ። ጉንዳን አጠገቤ ቆሞ «ግራህን! ከኋላህ!» ሲል ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ብቆይ እናሸንፍ ነበር? እንጃ። ምናልባት ጎርፉ እኔንም ይወስደኝ ነበር። ምናልባት አይወስደኝም ነበር። ከቆየ ሰው በቀር ማን ያውቃል?

መጋቢት 25

ለሁለት ዓመት ፈረምኩ። አምበልም ሆንኩ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ በእስክሪብቶ አሳየኝ። «አንተ ሜዳ ላይ ሳለህ ፕላስ ሰባት። ከወጣህ በኋላ ማይነስ አስር። የሂሳብ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ ያለ አንተ ምንም ናቸው። ቁጥር አይዋሽም።»

ዓመቱን ሙሉ በየጥጉ ስናገረው የነበረ ነገር ነው፤ ያለ እኔ ምንም ናቸው። ይኸው ተረጋገጠ። ቁጥሩ አልዋሸም እኮ! የሆነውን ነው የተናገረው። ለምን ወጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ እሱ ሥራው አይደለም።

ባለ ላፕቶፑ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። «ባትህ ተሻለህ?» አለኝ። አጠያየቁ... እንዲያው መጠየቁ ይሆናል። ሰው ይጠይቃል። «ቀስ በቀስ» አልኩት። ዓይኔን ከዓይኑ አነሳሁ።

አሰልጣኙን አሰናብተውታል። ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። ጉንዳን አልታደሰለትም። ደረጃው ላይ አግኝቶኝ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ አለህ ጋሼ፣ ይገባሃል።» ምራቁን ቢተፋብኝ ምን ነበረበት?

መጋቢት 28

የእነ እቴቴን ዕቃ ማጓጓዝ። አዲሱ ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አንድ መኝታ፣ ሊፍት የለውም። ሄድኩ። እንዴት አልሄድም? ግን አነከስኩ፤ ከአውቶቡስ ስወርድ ጀምሬ ነው ያነከስኩት፣ በመስኮት ቢያዩኝ ብዬ።

ሣጥን ላነሳ ስል አሰልጣኙ ከእጄ ነጠቀኝ። «አብደሃል? በዚህ ባትህ!» ወንበር አመጣልኝ፣ ሁለተኛ ወንበር አመጣልኝና እግሬን ሰቀለልኝ። እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደ ሹም ተቀምጬ፣ እሱ ፍሪጁን ከጎረቤት ጋር ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወጣ። ሃምሳ ሊሞላው ነው። ወገቡን ያመዋል። አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የእቴቴን የልብስ ስፌት መኪና... እኔ ተቀምጬ። ተነስቼ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ማድረስ እችል ነበር። አንዴ ልነሳ ብዬ መቀመጫዬን ከወንበሩ አነሳሁ። ብነሳ መናገር ነው። ተቀመጥኩ።

እቴቴ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይዛ መጣች። ባቴን ጠቀለለችልኝ፣ በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። «ቤቱ ጠበበ እንጂ ጤና ይስጠን» አለች። «አንተ እንኳ ተረፍክልኝ። ከሁለት አንዳችሁ ሥራ ላይ መሆናችሁ ይበቃኛል።» ዓይኗ ቀልቷል። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ከዚያ እሱ መጣና ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ።

«አንድ ነገር ልበልህ?»

«በል።»

«ዓመቱን ሙሉ በድዬሃለሁ። ልጆቹ ቆመው ያዩሃል ብዬህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ለካ የሚያዩህ ተማምነውብህ ነው። ያን ቀን አንተ ስትወጣ እንዴት እንደፈረሱ አየሁት። ቁጥሩንም ደጋግሜ አየሁት። ከመጀመሪያው ባምንህ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

ምነው በሰደበኝ። ምነው «ሌባ» ባለኝ፣ እኔም ብመልስለት፣ ብንያያዝ፣ እቴቴ በመሀል ብትገባ። ዓመቱን ሙሉ የምጠላው መስሎኝ ነበር፤ ጥላቻ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ዛሬ ነው የጠላሁት፤ እዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ፣ ያላጠፋውን ይቅር በለኝ ሲለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ውሉ አለ። ሁለት ዓመት። ከዚያ በኋላ ማን ይወስደኛል?

እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።

«ምንም አይደል» አልኩት። ይቅር አልኩት።